ከመንገድ በላይ ያለ ገደል፦ ስለ ድንጋይ ናዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ ገደል ማውራት ግር ይል ይሆናል። ከጣና ዳር እስከ ፎገራ ያለው አገር ሜዳ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚሄድ ሰው ግን ተራራ ተቆርጦ በተሠራ መንገድ ማለፉ አይቀርም። ጎንደር የሚሄደው አዲስ ዘመንን አልፎ ዳገቱን ይይዛል። ደብረ ታቦር የሚወጣውን ከወረታ ከተገነጠለ በኋላ ጠመዝማዛው ይቀበለዋል። አዲስ አበባ የሚሄደው ደጀን ላይ ትንሽ አረፍ ብሎ አባይ በረሃን ይወርዳል። እኔ በመንገድ ጥገና ሥራ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሹፌሮች፣ ገበሬዎችና የመንገድ ዳር ነጋዴዎች በየጊዜው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ድንጋዩ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ እዚያው ነበር። አሁን ምን አገኘው?

ያኔ ተደግፎ ነበር የቆመው። መንገዱ ሲቆረጥ ከሥሩ የነበረው ድጋፍ ተነሣ።

ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። በደጋው ላይ ያለው አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያለው ግን ከዚያ እጅግ የቀረበ ዘመን ነው። የቀለጠው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሩቅ አንድ ወጥ አለት የሚመስለው ገደል ቀረብ ብለው ሲያዩት ያለ ጭቃ እንደተካበ ካብ ነው።

በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀይ አፈር ይገኛል። በታችኛው ፍሰት ላይ ተፈጥሮ የነበረው አፈር የላይኛው ሲፈስበት ተጠብሶ የቀረ ነው፤ እንደ ሸክላ ስለሚቀላ ለመለየት አያስቸግርም። ይህን ንጣፍ ዝናብ በቀላሉ ያጥበዋል። ከላዩ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ሥሩ ተበልቶ እንደ ጣራ ክፈፍ ወደ መንገዱ ወጥቶ ይንጠለጠላል። እንዲህ ተንጠልጥሎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። አባይ በረሃ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶና ጭቃማ ድንጋይ፣ ታች ደግሞ አሸዋማ ድንጋይ አለ። ጠንካራው በልሉ ላይ ተጭኗል።

ከሁሉም በላይ ድንጋዩን የሚጥለው ምንድን ነው?

ውሃ ነው። ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣ ውሃ እዚያው ቆሞ ይገፋል። 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ እስከ አፉ ሲሞላ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 2 ቶን ያህል ኃይል ድንጋዩን ወደ መንገዱ ይገፋዋል። 4 ሜትር ሲሆን 8 ቶን ይሆናል። 10 ሜትር ሲሆን ወደ 50 ቶን ይጠጋል። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው።

ስንጥቁ ሰፊ መሆን አያስፈልገውም። ጣት የማያስገባ ቀጭን ስንጥቅም ሞልቶ እስከቆመ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። ይህን ስናገር ቶሎ የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሒሳቡ ግን ይህ ነው። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ዝናብ ሳይጥልም ይወድቃል እኮ። መስከረም ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲናድ አይተናል።

የክረምቱ ውሃ ገና ተራራው ውስጥ ነው። ከላይ የገባው ሰርጎ ገደሉ ፊት ላይ እስኪደርስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤተሰቡ የሚጓዝ ሰው አደይ አበባውን አይቶ ክረምቱ ወጣ ይላል፤ ገደሉ ግን ገና አልደረቀም። ከውሃው ሌላ ቀን ግሎ ሌሊት መቀዝቀዙ ስንጥቅ ያላላል። ፍየልና ዝንጀሮም ልል ድንጋይ ረግጠው ያወርዳሉ።

ገደሉ አደገኛ መሆኑን በዓይን መለየት ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ብዙ ምልክት ግን አለ። ዝናብና ፀሐይ ሲመታው የኖረ ባዛልት ጠቁሮ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። በመካከሉ አዲስ፣ ንጹሕ ግራጫ ጠባሳ ካዩ በቅርቡ ከዚያ ላይ ድንጋይ ተነቅሏል፤ ጎረቤቱም ድጋፉን አጥቷል ማለት ነው። ከሥር ያለው ቦይ ውስጥ ስለታም ጠርዝ ያለው ድንጋይ ካለ ያም አዲስ ነው። ከገደሉ አናት ላይ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ፣ ወደ መንገዱ ያዘመመ ዛፍ፣ ትናንት ጠርቶ ሲወርድ የነበረ ምንጭ ዛሬ ደፍርሶ መገኘቱ ከባድ ምልክቶች ናቸው።

ከሁሉም የሚያስተማምነኝ ግን የመዶሻው ድምፅ ነው። ሥራ እንደ ጀመርኩ አንድ ሽማግሌ የድንጋይ ጠራቢ ከደብረ ታቦር ዳገት ላይ ይዘውኝ ወጡ። ማርቴሏቸውን ገልብጠው አንዱን ቋጥኝ ቀስ ብለው መቱት፤ እንደ ቃጭል ጠርቶ ጮኸ። አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብለው ሌላውን መቱ፤ እንደ ባዶ እንስራ «ዱም» አለ። በዓይን ሁለቱ አይለያዩም። «ይኼኛው ከኋላው ተላቋል» አሉኝ፤ ከዚያ ከሥሩ ገለል እንድል ክንዴን ይዘው ሳቡኝ። በዲጂኖ ሦስት ጊዜ ሲያነቃንቁት ወረደ። ከጀርባው የባሕር ዛፍ ሥር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።

ማረጋጋቱ ከየት ይጀመራል?

ከላይ ነው። ብዙ ሰው ከታች ካለው ግንብ መጀመር ይፈልጋል፤ ግንብ ይታያል፣ ይመረቃልም። ውሃው የሚገባው ግን ከላይ ነው።

ከገደሉ አናት ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ገባ ብሎ ውሃ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈራል። መሬቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ቦዩ በድንጋይና በሲሚንቶ መለበጥ አለበት፤ ያለዚያ ቦዩ ራሱ ውሃውን ሰብስቦ ስንጥቁን ያጠጣዋል። ጫፉም ወደ ደህና መውረጃ ይወሰዳል እንጂ መሐል ላይ አይለቀቅም።

እዚህ ላይ ገበሬውን ሳያማክሩ የሚሠራ ሥራ አይጸናም። በእኛ አገር ከገደሉ በላይ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ የሚታረስ ነው። ገበሬው እህሉ እንዳይጠጣ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ቁልቁለቱን ተከትሎ ገደሉ አፍ ላይ ያበቃል። ከእሱ በኩል ትክክል ሠርቷል። አንድ ክረምት ሦስት ማሳ ውሃውን አንድ ስንጥቅ ላይ ሲያፈስ አይቻለሁ፤ ስንጥቁ ውሃውን ሲውጠው ይሰማል። ከባለ ማሳዎቹ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርንና ፈሰሶቹን ወደ አንድ የጋራ መውረጃ አዞርናቸው። ሥራው ሁለት ቀን በዶማና በአካፋ የተሠራ ነው። ማሳቸውም አልታጠበም።

ቀጥሎ ማራገፍ ይመጣል። ልል ድንጋዩን ሰው በገመድ ታስሮ ከላይ ወደ ታች እየወረደ በዲጂኖ ይጥለዋል። መንገዱ ከሁለቱም በኩል ይዘጋል። ከታች ቆሞ ወደ ላይ ማነቃነቅ ፈጽሞ አይደረግም፤ አንዱ ሲነቀል የትኛው እንደሚከተል አይታወቅም። ጥሩው ጊዜ ከክረምቱ በፊት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ ተራግፎ የሚያበቃ ሥራ አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል።

ሦስተኛው ከገደሉ ሥር ያለው ቦይ ነው። ይህ ቦይ የዝናብ ውሃ ብቻ የሚሄድበት አይደለም፤ የሚወድቀው ድንጋይ ማረፊያም ነው። ሰፋና ጠለቅ ብሎ ከተሠራ ከወደቀው ድንጋይ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። አፈርና ስብርባሪ ሲሞላው ግን መንደርደሪያ ይሆንና ድንጋዩን አንጥሮ አስፋልቱ መሐል ይልከዋል። ሎደር ልኮ ቦይ ማስጠረግ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ርካሽ ሥራዎች አንዱ ነው። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቀረውም እሱ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ውሃው አለቱ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ደግሞ ከገደሉ ፊት ጥቂት ወደ ላይ ያዘነበሉ ጉድጓዶች ይሰረሰሩና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይገባባቸዋል። በክረምት ከዚያ ቱቦ አፍ ውሃ ሲንጠባጠብ ማየት ለእኔ ደስታ ነው።

ገደሉን ይበልጥ አጋድሞ መቁረጥ አይሻልም?

ቦታ ካለ ይሻላል። ነገር ግን የሚያጋድሙት ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው ነው፤ ካሳ አለው፣ የሚቆረጠውም ድንጋይ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ እርከን ይሠራል። እርከኑ ጠባብ ከሆነና ካልተጠረገ ግን ስብርባሪ ይሞላውና ከላይ የሚመጣውን ድንጋይ ወደ መንገዱ ያስፈነጥረዋል።

የአቆራረጡ ዘዴም ወሳኝ ነው። በግዴለሽነት በድማሚት የፈረሰ ገደል ሜትሮች ድረስ ወደ ውስጥ ተሰነጣጥቆ ይቀራል፤ ሥራ ተቋራጩ ወጥቶ ከሄደ ከዓመታት በኋላም ይራገፋል። በጥንቃቄ ሲሠራ በመጨረሻው የቁርጥ መስመር ላይ ቀዳዳዎች ተቀራርበው ይሰረሰሩና በጥቂት ፈንጂ ቀድመው ይፈነዳሉ። አለቱ በዚያ መስመር ተሰንጥቆ ይለያል፤ የዋናው ፍንዳታ ጉዳትም ወደ ውስጥ አያልፍም። በደንብ በተቆረጠ ገደል ፊት ላይ የቀዳዳዎቹ ግማሽ ጎን ተሰልፎ ይታያል።

የሽቦ መረብ ድንጋይ ይይዛል?

እንደ ድንጋዩ መጠን ነው። 20 ሜትር ላይ ሆኖ ያለ እንቅፋት የወደቀ ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የነዳጅ በርሜል የሚያህል ባዛልት ደግሞ ከግማሽ ቶን ያልፋል። ተራ የአጥር ሽቦ ይህን አያቆምም።

መረብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ ብቻ ታስሮ እንደ መጋረጃ ይለቀቃል፤ ድንጋዩን አይዝም፣ ሳይፈናጠር በመረቡና በገደሉ መካከል ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ እንዲያርፍ ይመራዋል። ሁለተኛው በብረት ችንካር ከአለቱ ጋር ተጣብቆ ድንጋዩ ከመነሻውም እንዳይነቀል ያደርጋል። ሽቦው ዚንክ የተቀባ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ቶሎ ይዝጋል።

የመጋረጃው ዓይነት ታች ክፍት መሆን ሲገባው በስህተት ታስሮ ያየሁበት ጊዜ አለ። በሁለት ክረምት ከሥሩ እንደ ጤፍ ማዳበሪያ ተነፋ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ከላይ የያዘው ገመድ ተበጥሶ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሌሊት ነበርና ሰው አልነበረበትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የብረት ችንካርስ? ውድ ነው ይባላል።

ውድ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ቋጥኝ ተነጥሎ ሲያስፈራ ከእሱ የተሻለ የለም። አለቱ ይሰረሰራል፤ ወፍራም የብረት ዘንግ ገብቶ በሲሚንቶ ይሞላል፤ ከፊት በሳህንና በብሎን ይጠብቃል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሜትር ይሆናል። ዋናው ነገር ስንጥቁን አልፎ ጤነኛው አለት ውስጥ መግባቱ ነው። ስንጥቁ ላይ ያለቀ ችንካር ልልን ከልል ጋር ነው ያሰረው። ከተሠራ በኋላም በማሽን ተስቦ መፈተን አለበት።

በሲሚንቶ ብንለስነውስ?

በግፊት የሚረጭ ኮንክሪት አለ፤ ቶሎ የሚፈረፈረውን ቀይ አፈር ከዝናብ ለመሸፈን ጥሩ ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ግን ውሃውን ከኋላው ይገድበዋል፤ ከላይ የቆጠርናቸው ቶኖች ልስኑን ይዘውት ይመጣሉ። የድጋፍ ግንብም እንዲሁ ነው። ግንብ ሲያዩ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ይመልከቱ፦ አሉ ወይ? ሣርና ጭቃ ደፍኗቸዋል ወይ? በእንጨት ወግቶ መክፈት ማንም ሊሠራው የሚችል ነው።

ጋቢዮንስ፣ ድንጋይ የሚሞላው የሽቦ ሳጥን?

ውሃ ያሳልፋል፣ መሬቱ ሲሰጥም አብሮ ይጎብጣል፣ ድንጋዩም ከአካባቢው ይገኛል። ከሥር ለመደገፍና ተንከባላይ ድንጋይ ለማስቆም እወደዋለሁ። 20 ሜትር ገደል ግን ጋቢዮን አይሸከምም።

ባሕር ዛፍ ብንተክልበት አይዝም?

አፈርና አለት ለየቅል ናቸው። አፈር በሆነ ተዳፋት ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይይዛል፤ ቬቲቨር የሚባለው ሣር በተለይ ሥሩ ቀጥ ብሎ ጠልቆ ስለሚወርድ ጥሩ ነው። በተሰነጠቀ አለት አናት ላይ ግን የዛፍ ሥር እንደ ሽብልቅ ይሠራል፤ ሲወፍር ስንጥቁን ይከፍታል፣ ነፋስ ግንዱን ሲወዘውዘው ደግሞ ድንጋዩ ይነቃነቃል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሲሞትም ሥሩ በስብሶ ለውሃ መንገድ ይተዋል። ስለዚህ ከገደሉ አፍ ላይ ትልልቅ ዛፍ አትትከሉ። ያለውንም ሥሩን ሳትነቅሉ ቆርጣችሁ ቡቃያውን በየጊዜው አጥፉት፤ ነቀላው ራሱ ድንጋይ ያወርዳል።

ከገደሉ ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም እንሸጣለን፤ ከዓመት ዓመት ምንም አልደረሰብንም።

እህቶቼ፣ ለምን እዚያ እንደተቀመጣችሁ ይገባኛል። ጥላ አለ፣ መኪናም ቀስ ብሎ የሚዞርበት ስለሆነ ገዢ ይቆማል። ግን መደባችሁን የዘረጋችሁበት ቦይ የድንጋዩ ቦታ ነው። ገደሉ ሜዳ ወደሚሆንበት፣ ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ ብትርቁ ገዢው ይከተላችኋል። ልጆቹን በተለይ እዚያ አታስተኟቸው። ዝናብ ሲመጣም ተንጠልጥሎ በወጣው ድንጋይ ሥር አትጠለሉ፤ ያቺ ሰዓት ከሁሉ የከፋችዋ ናት።

ሹፌር ነኝ። ምን ላድርግ?

በክረምት ከተቻለ በቀን ይንዱ። ጠጠር ከላይ ሲንጠባጠብ ካዩ ትልቁ ሊከተል ይችላልና ከሥሩ አይቁሙ፤ ከሩቅ ካዩት ወደ ኋላ ይመለሱ። ጎማ መቀየርም ሆነ ውሃ ሽንት ከገደል ሥር አይሁን። አንድ ልመና ደግሞ አለኝ፦ መኪና ሲበላሽ ለምልክት አስፋልት ላይ ድንጋይ ደርድሮ፣ ሲጠገን ጥሎ መሄድ ይቅር። ያ ድንጋይም ከገደል እንደ ወደቀው ሁሉ ሰው ይገድላል። ረዳቱ ወርዶ ያንሣው።

ናዳው ሰው ቢይዝ ወዲያው ገብቶ መቆፈር ነው?

ልብ የሚለው እንደዚያ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ጎፋ ዞን የሆነውን ግን አንርሳ። ያ የአፈር ናዳ ነበር፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ላይ ሌላ ናዳ ወርዶ በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው አለቀ። መጀመሪያ አንድ ሰው ገደሉን በሙሉ ከሚያይበት ቦታ ቁሞ ወደ ላይ ብቻ እያየ ይጠብቅ፣ ሲንቀሳቀስ ይጩኽ። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፣ መውጫቸውንም አስቀድመው ይወቁ። መኪኖች ከሁለቱም በኩል ርቀው ይቁሙ። ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ይመለስ።

ያየነውን ለማን እንንገር?

ዋና ዋና አገር አቋራጭ መንገዶች የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው፤ ሌሎቹን ክልሉ፣ ወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ይይዛቸዋል። የማን መሆኑን ካላወቃችሁ ለቅርቡ ቀበሌ ወይም ትራፊክ ፖሊስ ንገሩ። «እዚያ ጋ ድንጋይ ሊወድቅ ነው» ማለት ብቻ ግን ሠራተኛውን ቀኑን ሙሉ ያንከራትተዋል። በቅርቡ ካለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ላይ ቁጥሩን አንብቡ፤ ከባሕር ዳር ሲወጣ በቀኝ ነው በግራ በሉ፤ ቋጥኙ የበር ያህል ነው የቤት ያህል ንገሩ፤ ውሃ እየወጣበት ከሆነ እሱን ቀድማችሁ ተናገሩ። ፎቶ የምታነሡ ከሆነ ከመንገዱ ማዶ፣ ከርቀት ቆማችሁ አንሡት።